ስለ መጎተትና ስለ ማቆም

ሰው ከራሱ ስሕተት ሲማር ትምህርቱን በውድ ዋጋ ይገዛዋል፤ ከሌላው ስሕተት ሲማር ግን በነጻ ያገኘዋል። እኔ በውድ የገዛሁትን እናንተ በነጻ ታገኙት ዘንድ፤ በ2010 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በአሜሪካ አገር በመንገድ ላይ ሳለሁ የደረሰብኝን ነገር ልጽፍላችሁ ወደድሁ። ነገሩ አንዲት አሮጌ መኪና ሌላዪቱን መኪና ስለ መጎተቷ ነው። የቅኔ መምህር ስለ መኪና ምን አገባው የሚል ቢኖር፤ እስከ ፍጻሜው ይታገሠኝ ዘንድ እለምነዋለሁ።

በቨርጂኒያ ግዛት በአሌክሳንድሪያ ከተማ ከሚኖሩ ምእመናን ጋራ ዐሥራ አንድ ዓመት በማኅሌትና በማስተማር ካገለገልሁ በኋላ፤ በቴክሳስ ግዛት በዳላስ ያሉ ምእመናን ለልጆቻቸው ግእዝና ዜማ የሚያስተምር ሰው ስለ ፈለጉ ወደዚያ እንድዛወር ተስማማን። ከአሌክሳንድሪያ እስከ ዳላስ ያለው መንገድ ከ2,100 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ይህም ከአዲስ አበባ ጎንደር ሄዶ፤ ተመልሶ፤ እንደ ገና ጎንደር ለመድረስ ጥቂት ብቻ የሚቀረው ነው።

ሁለት መኪና ነበረን። አንዲቱ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2003 የተሠራች፤ ዐሥራ አምስት ዓመት የሞላት፤ ቀለሟ ከፀሐይ የተነሣ የነጣ፤ ሞተሯ ግን ገና የሚታመን ሰፋ ያለች የቤት መኪና ናት። ሁለተኛዪቱ ታናሽና አዲስ ቢጤ ስትሆን፤ ምእመናን ከደመወዛቸው አዋጥተው ገዝተው በጥምቀት ማግሥት የሰጡኝ ናት። ልሽጣት ብል የሰጡኝ ሰዎች የሚያዝኑብኝ መሰለኝ፤ በትልቅ የጭነት መኪና ላስጭናት ብል የተጠየቅሁት ዋጋ ከአንድ ወር ደመወዜ በለጠ። ባለቤቴ መንዳት አልተማረችም። ከእኔ ሌላ መንዳት የሚችል ልጃችን ብቻ ነበረ፤ እርሱ ግን የመካኒክነት ትምህርት ይማር ነበርና እስከ ረቡዕ ሐምሌ 11 ቀን የሚቆይ ፈተና ነበረበት።

ልጄም «አባባ፤ እስከ ዐርብ ይታገሡኝ፤ ፈተናዬን ስጨርስ ታናሺቱን እኔ እየነዳሁ ከኋላዎ እከተላለሁ» አለኝ። እኔ ግን «ሰኞ እነሣለሁ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ፤ የቤቱም ኪራይ በዚያው ቀን ያልቃል» ብዬ መለስሁለት። ይህ ምክንያት እውነት ነበረ፤ ዋናው ምክንያት ግን አልነበረም። ቃሌን በስልክ ለማራዘም፤ ለአራት ሌሊትም ከወዳጅ ቤት ለማደር እችል ነበር። ዋናው ምክንያት ልጅ አባቱን ይጠብቃል እንጂ አባት ልጁን እንዴት ይጠብቃል የሚል በልቤ የተሰወረ ትዕቢት ነበረ።

ስለዚህ ታናሺቱን ከአሮጌዪቱ ኋላ አስሬ ልጎትታት ቈረጥሁ። በአገራችን መኪና ሲበላሽ በገመድ ወይም በብረት ዘንግ አስረው እስከ ጋራዥ ይጎትቱታል፤ በአሜሪካ አገር ግን ቤት የሚለውጥ ሰው ደኅናዪቱን ሁለተኛ መኪናውን ከፊተኛዪቱ ኋላ አስሮ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ሲሄድ ይታያል። የሚያስራትም በገመድ አይደለም፤ ሁለት ጎማ ባለው ዝቅተኛ ጋሪ ነው። የምትጎተተው መኪና የፊት ጎማዎች በጋሪው ላይ ወጥተው በጠፍር ይታሰራሉ፤ የኋላ ጎማዎቿ ግን በመሬት ላይ እየተሽከረከሩ ይከተላሉ። ማርሿን ራሷ የምትለውጥ፤ ሞተሯም የፊት ጎማዎቿን የሚያዞር መኪና፤ የፊት ጎማዎቿ ከመሬት ሳይነሡ ብትጎተት ካምቢዮዋ ይበላሻልና።

ይህን ጋሪ ለመከራየት ሄድሁ። አከራዩ የሁለቱን መኪናዎች ዓይነት ጠይቆኝ ከመዝገቡ ከተመለከተ በኋላ አይሆንም አለኝ። የዚህ ሥራ ደንብ የምትጎትተው መኪና ከምትጎተተው ይልቅ በብዙ እንድትከብድ የሚያዝ ነውና። ወደ ቤቴ በተመለስሁ ጊዜ ልጄ የአሮጌዪቱን መምሪያ መጽሐፍ አውጥቶ አነበበልኝ። ልትጎትት የተፈቀደላት 1,000 ፓውንድ፤ ይኸውም 450 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ እንደ ሆነ ተጽፎበታል። ታናሺቱ ብቻዋን ከ1,100 ኪሎ ግራም ትበልጣለች፤ ጋሪው ደግሞ ከ300 ኪሎ ግራም አያንስም፤ ድምሩ ከተፈቀደው ሦስት እጥፍ ያልፋል። ልጄ ይህን በወረቀት ደምሮ አሳየኝና «አባባ፤ ሞተሯ ትጎትታት ይሆናል፤ ፍሬኗ ግን አያቆማትም፤ ጋሪው የራሱ ፍሬን የለውም» አለኝ። እኔም «መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች ክስ ስለሚፈሩ ቁጥሩን አሳንሰው ይጽፉታል» አልሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ለተማሪዎቼ መጽሐፍ የሚለውን ተቀበሉ ስል የኖርሁ ሰው፤ መጽሐፉ የማልወደውን በነገረኝ ጊዜ ትርጓሜ ፈለግሁለት።

ያገለገለ ጋሪ ከአንድ ሰው ላይ በ500 ዶላር ገዛሁ፤ በአሮጌዪቱም ግርጌ የመጎተቻ ብረት አሳሰርሁ። እሑድ ሐምሌ 8 ቀን ከምእመናን ጋራ ተሰነባበትን። በዚያ ቀን ያስተማርሁት ትምህርት፤ ጌታችን በሉቃስ ወንጌል በ14ኛው ምዕራፍ ስለ ተናገረለት፤ ወጪውን አስቀድሞ ሳይቈጥር ግንብ ሊሠራ ስለ ጀመረው ሰው ነበረ። ሕዝቡም ትምህርቱን ወደደው። ልጄ ከዲያቆናቱ መካከል ቆሞ ይሰማኝ ነበር፤ ዐይኑን ግን ወደ እኔ አላነሣም።

ሰኞ ሐምሌ 9 ቀን ማለዳ ጸሎት አድርሰን ተነሣን። 81ኛው የሚባለው ሰፊ ጎዳና በሸናንዶዋ ሸለቆ በኩል ወደ ደቡብ ምዕራብ ይሄዳል፤ በግራ ብሉ ሪጅ የተባለው ተራራ በሩቅ እየሰመረ ይታያል፤ መስኩ ለምለም ነው፤ ላሞቹም የሰቡ ናቸው። በሰዓት ከ85 ኪሎ ሜትር ሳላልፍ በቀኙ መሥመር እሄድ ነበር። ለሜዳው መንገድ አሮጌዪቱ ጭነቷን የማታውቀው እስክትመስል ድረስ በደኅና ጎተተች፤ እኔም በልቤ ልጄንና አከራዩን ረታኋቸው።

የመጀመሪያውን ተግሣጽ ያገኘሁት በቤንዚን ማደያ ነው። ገብቼ ከቀዳሁ በኋላ ፊት ለፊቴ ግድግዳ አገኘሁ፤ ወደ ኋላ ልመለስ ብል ጋሪው ወደ ጐን እየታጠፈ እንቢ አለኝ። መኪና የጫነ እንዲህ ያለ ጋሪ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ መሄድን አያውቅም፤ መጋጠሚያው ሁለት ስለ ሆነ ይጠማዘዛልና። ጠፍሩን ፈትቼ፤ ታናሺቱን አውርጄ፤ ጋሪውን በእጄ አዙሬ እንደ ገና እስካስር ድረስ አንድ ሰዓት አለፈ። ባለቤቴ ጥላዋን ይዛ ቆማ ትመለከተኝ ነበር፤ ምንም አልተናገረችም።

ከሰዓት በኋላ ከሮአኖክ ከተማ አልፈን ወደ ክርስቲያንስበርግ የሚያወጣው ዳገት ደረስን። አሮጌዪቱ አቃሰተች፤ የሙቀቱም መለኪያ ወደ ቀዩ ምልክት ተጠጋ፤ የጭነት መኪናዎች ሳይቀሩ እያለፉን ሄዱ። ከላይ በደረስን ጊዜ እፎይ ብዬ «እንግዲህ ዳገቱን ከጨረስን ምን ቀረን» አልሁ። ባለቤቴ የጎጃም ነጋዴ ልጅ ናት። እንዲህ ስትል መለሰችልኝ፤ «እርስዎ ዳገቱን ይፈራሉ፤ እኔ የምፈራው ቁልቁለቱን ነው። አባቴ ወደ ዐባይ በረሃ በቅሎ ጭኖ ሲወርድ፤ አጥብቆ የሚመረምረው በደረቷ በኩል የሚያልፈውን ጠፍር ሳይሆን በጅራቷ ሥር የሚያልፈውን ነበረ። ዳገት ላይ ጭነቱ ወደ ኋላ ቢንሸራተት በቅሎዪቱ ትቆማለች፤ ቁልቁለት ላይ ወደ አንገቷ የመጣ እንደ ሆነ ግን ጭነቱ እርሷን ይዟት ይወርዳል።» እኔም የሴት ወግ ነው ብዬ ዝም አልሁ። በዚያች ሌሊት በዊትቪል ከተማ ዐደርን።

ማክሰኞ በኖክስቪል በኩል አልፈን 40ኛውን ጎዳና ይዘን ወደ ምዕራብ ተጓዝን። በቴነሲ ግዛት መካከል ከምበርላንድ የሚባል ሰፊ አምባ አለ፤ መንገዱ ከምሥራቅ ወጥቶ በአምባው ላይ ብዙ ከሄደ በኋላ በምዕራብ በኩል ከሞንተሬይ እስከ ኩክቪል ይወርዳል። ቁልቁለቱ ከዐባይ በረሃ ጋራ የሚነጻጸር አይደለም፤ ዐባይ ከ1,000 ሜትር በላይ ሲወርድ ይህ ከ200 ሜትር ጥቂት የሚያልፍ ነው። ለእኛ ግን በቃን።

ጊዜው ወደ ማታ ነበር፤ ካፊያ ይጥል ነበር። ቁልቁለቱ ሲጀምር እግሬን ከቤንዚኑ አነሣሁ፤ መኪናዪቱ ግን አልቀዘቀዘችም፤ ይልቁንም ፈጠነች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የምጎትታት መኪና ከኋላዬ ሆና ትገፋኝ ጀመር። ፍሬን ያዝሁ፤ ለጊዜው ቀዘቀዘች፤ ስለቀው ፈጠነች፤ እንደ ገና ያዝሁ። እንዲህ እያደረግሁ ጥቂት ከሄድን በኋላ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ ፍሬኑም ከእግሬ ሥር እንደ ጭቃ ሰመጠ። ፍጥነቱ ከ110 ኪሎ ሜትር አለፈ። በዚህ ጊዜ የታናሺቱ ኋላ ወደ ቀኝና ወደ ግራ መወዛወዝ ጀመረ፤ አሮጌዪቱንም ከወገቧ ይዞ ያናውጣት ጀመር። ባለቤቴ አቡነ ዘበሰማያትን ጀመረች፤ እኔ ከፍርሃት የተነሣ ልከተላት አልቻልሁም።

በዚያች ቅጽበት ወደ ልቡናዬ የመጣው ካነበብሁት መጽሐፍ አንዱም አይደለም፤ በጅራት ሥር የሚያልፈው የበቅሎ ጠፍር ነው። ጭነቱን ከኋላ ሆኖ የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል ማለት ነው። ፍሬኑን ተውሁት፤ የማርሹን ዘንግ ከተለመደው ቦታው ሳብሁና «2» ከሚለው ቁጥር ላይ አደረግሁት፤ መሪውንም ወዲያና ወዲህ ሳላደርግ ቀጥ አድርጌ ያዝሁት። ሞተሯ ጮኸች፤ ነገር ግን ሞተሩ ራሱ ጎማውን ወደ ኋላ የሚይዝ ጠፍር ሆነ። ፍጥነቱ በጥቂት በጥቂቱ ቀነሰ፤ መወዛወዙም ከፍጥነቱ ጋራ ቀነሰ። አንድ ረዥም የጭነት መኪና ከኋላችን ራቅ ብሎ የማስጠንቀቂያ መብራቱን እያበራ ሌሎች እንዳይደርሱብን መንገዱን ይዞልን ነበር። መንገዱ ሜዳ ሲሆን ወደ ዳር ወጥተን ቆምን።

የጭነት መኪናው ሹፌር ሽበት ያለው ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ቆሞ ወደ እኛ መጣ። ከፊት ጎማዎች ጢስ ይወጣ ነበርና ውኃ ላፈስስበት ስል እጄን ያዘኝ፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃልና በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ አለ። ሁለቱን መኪናዎች ተመለከተና ከዚህ በኋላ እንዲህ አለኝ፤ «ወንድሜ፤ ፍሬንህ የተሠራው አንዲት መኪና ለማቆም ነው፤ አንተ ግን ሁለት ታቆምበታለህ።» ይህን ብሎ ባለቤቴን በአክብሮት እጅ ነሥቶ ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

በማግሥቱ የኩክቪል ከተማ መካኒክ ጎማዎቹን ፈትቶ አሳየኝ። የፍሬኑ ሸራ ተቃጥሏል፤ ዘይቱም ከሙቀት የተነሣ ፈልቷል፤ ያሳሰርሁት የመጎተቻ ብረት የተያዘበት ቆርቆሮ መሰንጠቅ ጀምሯል። ነገሩንም አስረዳኝ። ፍሬን የመኪናን ሩጫ ወደ ሙቀት እየለወጠ ያቆማል፤ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ዘይቱ የፈላ እንደ ሆነ በውስጡ እንፋሎት ስለሚፈጠር እግር የሚረግጠው ዘይት ሳይሆን ባዶ ነገር ነው። ስለዚህ ነው ብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ከባድ ተጎታች የራሱ ፍሬን እንዲኖረው በሕግ የሚያዝዙት። ልጄ በወረቀት የደመረልኝ ይህንኑ ነበር።

ረቡዕ ማታ ፈተናውን ሲጨርስ ደወልሁለት። ነገሩን ለማሳነስ አስቤ ነበር፤ ድምፁን በሰማሁ ጊዜ ግን ሁሉንም ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ «እናቴ ደኅና ናት ወይ?» አለ፤ ከዚያም «ነገ እመጣለሁ» አለኝ። ሐሙስ በአውሮፕላን ናሽቪል ደርሶ፤ ከዚያም በአውቶቡስ ኩክቪል ገባ። እናቱን ሳመ፤ ጉልበቴንም እንደ ልማዱ ሊስም ጎንበስ ሲል አነሣሁት። «ልጄ፤ ነግረኸኝ ነበር፤ መጽሐፉንም አንብበህልኝ ነበር፤ እናትህንም ለሞት አቅርቤያት ነበርና ይቅር በለኝ» አልሁት። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ከአፌ ሰምቶት የማያውቀው ቃል ነውና እንባ ያዘው። «አባባ፤ እኔም ጠንክሬ አልነገርሁዎትም» አለ። እኔ በደለኛው ሳለሁ በደሉን ከእኔ ጋራ ሊካፈል ወደደ።

ጋሪውን ለመካኒኩ በ200 ዶላር ሸጥሁለት። ልጄ ታናሺቱን ባስነሣት ጊዜ ሞተሯ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ያን ጊዜ ልብ አደረግሁ፤ ይህች መኪና የራሷ ሞተር፤ የራሷ ፍሬን፤ የራሷ መሪ ነበራት። እኔ ግን ሁሉንም አጥፍቼ እንደ በድን ስጎትታት ነበርሁ። ዐርብ ሐምሌ 13 ቀን ተነሥተን እኔ ከፊት፤ ልጄ ከኋላ ሆነን ሜምፊስ ላይ ታላቁን የሚሲሲፒን ወንዝ ተሻገርን፤ በአርካንሳስ ግዛት ዐድረን ቅዳሜ ማታ ዳላስ ገባን። መንገዱን ሁሉ በመስተዋት እመለከተው ነበር፤ ስቀዘቅዝ ይቀዘቅዛል፤ ስቆም ይቆማል፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልገፋኝም። እንደ ለመነኝ እስከ ዐርብ ብጠብቀው ኖሮ የምደርሰው በዚያችው ማታ ወይም በማግሥቱ ነበር። ለሐምሌ ገብርኤል ማኅሌትም ቀን ተርፎኝ ነበር።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን የጻፍሁት ስለ መኪና ብቻ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ራሴን ስመረምር፤ በብዙ ሥራዬ ያደረግሁት ይህንኑ ሆኖ አገኘሁት። በቅኔ ቤት ሳለን ጉባኤ ቃና ሳይሰምርለት ስምንት ቤት ያለውን መወድስ የሚጀምር ተማሪ ነበረ፤ አጀማመሩ ያማረ ነው፤ ቤቱን መምታት ሲደርስበት ግን ቃሉ እርሱን ይዞት ይሄዳል እንጂ እርሱ ቃሉን አይዘውም። መምህራችን የሚመዝነው ሲጀምር ሳይሆን ሲያሳርፍ ነበር። እኔም ተማሪ ሳስተምር ይህን እላለሁ፤ በራሴ ግን አልፈጸምሁትም።

እኛ መምህራንና አለቆች ብዙ ሕዝብ ተከተለን ብለን ደስ ይለናል፤ ሰው በንግግራችን ሲሳብ ኀይላችንን በዚያ እንለካለን። ነገር ግን የተሳበው ሕዝብ አንድ ቀን ቁልቁለት ያገኛል፤ ቍጣ ወይም ክርክር ወይም መለያየት ይመጣል፤ ያን ጊዜ እኛ የሳብነው እኛን ይገፋናል። ቁም ስንለው የማይቆም እንደ ሆነ ከፊት መሆናችን መሪነት አይደለም፤ ከሚወርደው ነገር ፊት መገኘት ብቻ ነው። እንግዲህ ለመጎተት የሚችል ሁሉ ለማቆም እንደማይችል ዐውቀን፤ ከማሰራችን በፊት ፍሬናችንን እንመርምር። ይልቁንም የራሱ ልብ፤ የራሱ ዕውቀትና የራሱ ፈቃድ ያለውን ልጅ ወይም ምእመን አስረን ከምንጎትተው፤ እስኪነሣ ድረስ ጥቂት ቀን ታግሠን በራሱ ኀይል ቢከተለን ይሻላል። ትዕግሥቱ አራት ቀን ብቻ ነበረ፤ እኔ ግን አራት ቀን ለመቈጠብ ብዬ የሁለት ሰው ነፍስ ላጠፋ ነበር።

አሮጌዪቱ መኪና ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አገልግላ ዐረፈች። መምሪያ መጽሐፏ ግን ከቅኔ መጻሕፍቴ አጠገብ ተቀምጧል፤ ልጄ ቁጥሩን በቀይ ቀለም አስምሮበታል። ተማሪ ሲመክረኝና ልቤ እንቢ ሲል አወጣውና እመለከተዋለሁ። እግዚአብሔር ዳገቱን በኀይል፤ ቁልቁለቱን በማስተዋል እንድናልፈው ይርዳን። አሜን።